አዲስ ላፕቶፕና የምስሉ አስተርጓሚ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር የተወሰደ)



አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶ ዊንዶውስን ወይም ሌላ ሥርዓተ ክወናን በገዛ እጁ ለመጫን የሚነሣ ሰው፥ ሥራው ሊፈጸም ሲቃረብ ብዙ ጊዜ አንድ ችግር ያጋጥመዋል፤ ይኸውም የምስሉ ነገር ነው። ይህ ችግር በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው እንደ ቀላል ሊቈጠር ይችላል፤ ዕቃውን የሸጠለት ሱቅ ቅርብ ነው፤ ባለሙያም አይጠፋም። በአማን፥ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ለሚኖር ሰው ግን ዕቃው የተገዛበት ከተማ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ስለ ሆነ፥ አንድ ፋይል ጐደለ ማለት ላፕቶፑ በቦንጋና በጅማ በኩል እንደ ገና ወደ መጣበት ይመለሳል ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መረዳት ለዚህ አገር ሰው ከሌላው ይልቅ ይጠቅመዋል።

የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በእነዚህ ከተሞች ያለ ላፕቶፕ ትምህርቱን የሚጨርስ ተማሪ ጥቂት ሆኗል። እንግዲህ አንድ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ፥ ወላጆቹ ከቡናቸው ሽያጭ ቈጥበው በሰጡት ገንዘብ አዲስ ላፕቶፕ ገዛ እንበል። ዋጋው እንዲቀንስለት ሲል የመረጠው ዊንዶውስ ያልተጫነበትን ነው፤ እንዲህ ያለው ማሽን ፍሪዶስ የሚባል፥ በጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ የሚያሳይ ነገር ይዞ ይሸጣል። ተማሪውም ከጓደኛው በተዋሰው ፍላሽ ዊንዶውስን ይጭናል። ሲጨርስ የሚያየው ግን የጠበቀውን አይደለም። ሥዕሎቹ ከመጠን በላይ ተልቀዋል፤ ጽሕፈቱ ደብዝዟል፤ የስክሪኑን ብርሃን ለመቀነስ ቢሞክር አይታዘዝለትም፤ ከፕሮጀክተር ጋር ቢያገናኘው በግድግዳው ላይ ምንም አይታይም፤ ቪዲዮ ቢከፍት ይንቀጠቀጣል፤ ማሽኑም እንደ ምጣድ ይግላል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ «የተበላሸ ሸጡልኝ» ብሎ ያዝናል። ማሽኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም፤ የጐደለው ድራይቨር የሚባለው ነገር ብቻ ነው።

ድራይቨር በቃሉ ሲተረጐም ነጂ ማለት ነው፤ አንዳንድ ሰዎችም በአማርኛ እንዲሁ ይሉታል። ይሁን እንጂ ነጂ ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው መሪ የጨበጠ ሾፌር ስለ ሆነ፥ ቃሉ ከሚያስረዳው ይልቅ የሚያሳስተው ይበዛል። አስተርጓሚ ብንለው ይሻላል። ሥርዓተ ክወናው የሚናገረው የራሱን አንድ ቋንቋ ነው፤ በማሽኑ ውስጥ ያሉት ክፍሎች፥ ማለትም የምስሉ፥ የድምፁና የዋይፋዩ ክፍል፥ እያንዳንዳቸው ሠሪያቸው ያስተማራቸውን ቋንቋ ይናገራሉ። በሁለቱ መካከል ቆሞ ቃል የሚያቀባብለው ፕሮግራም ድራይቨር ነው።

በአማን ገበያ የዋለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ቤንቹ፥ ሸኮው፥ ካፋውና መኢኒቱ በሚገናኙበት ገበያ አንድ ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ ቢመጣ፥ ኮረሪማውን በጣቱ አመልክቶ፥ ብሩንም አውጥቶ በማሳየት የፈለገውን ሸምቶ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ማሩ ከየትኛው ጫካ እንደ ተቈረጠ፥ በሚመጣው ሳምንት ምን ያህል ሊደርስለት እንደሚችል፥ ዋጋውስ ለብዙ ሲሆን ስንት እንደሚቀንስ በጣት ምልክት ሊነጋገር አይችልም። ለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። የግራፊክስ ድራይቨር ያልተጫነለት ዊንዶውስም ከምስሉ ክፍል ጋር የሚነጋገረው እንደዚህ እንግዳ በምልክት ነው።

ምልክቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነቃው በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው መሠረታዊ ፕሮግራም ነው፤ ቀድሞ ባዮስ ይባል ነበር፤ በአዲሶቹ ማሽኖች ዩኢኤፍአይ ይባላል። እርሱም ለምስሉ አንድ ተራ ሰሌዳ በማስታወሻው ውስጥ ያዘጋጃል፤ በዚያ ሰሌዳ ላይ ቀለም የተደረገበት ነጥብ ሁሉ በስክሪኑ ላይ ይታያል። ዊንዶውስ ሌላ አስተርጓሚ ሲያጣ በዚህ ሰሌዳ ይጠቀማል። ዲቫይስ ማኔጀር የሚባለውን ዝርዝር ከፍታችሁ በምስሉ ክፍል ረድፍ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ስም ብታዩ፥ የማሽኑ ሕመም ታውቋል ማለት ነው። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ስክሪን በአግድም 1920፥ በቁም 1080 ነጥቦች አሉት፤ ይህም በጠቅላላው ከሁለት ሚሊዮን ነጥብ በላይ ነው። ቪዲዮ ሲታይ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ያህል መለወጥ አለባቸው። ለዚህ ሥራ የተፈጠረው የግራፊክስ ክፍል ትእዛዝ የሚያደርስለት አጥቶ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ፥ ሸክሙ ሁሉ በሲፒዩው ላይ ይወድቃል። ሙቀቱና የባትሪው ቶሎ ማለቅ ከዚህ የተነሣ ነው።

የግእዝ ፊደል አንባቢ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ይጐዳል። ማይክሮሶፍት በ1999 ዓ.ም. ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የተባለውን ቅርጸ ፊደል ካወጣ ጀምሮ አማርኛን በዊንዶውስ ለማንበብ ተጨማሪ ነገር መግዛት አላስፈለገም። ነገር ግን ካዕቡን ከሣልሱ የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት፤ በደበዘዘ ስክሪን «ሙ» እና «ሚ» አንድ ይመስላሉ። ሌሊቱን በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ሲጽፍ ያደረ ተማሪ ዐይኑ ቢቀላ አያስደንቅም።

አሁን ወደ መጫኑ እንምጣ። ብዙ ሰው በከንቱ የሚደክመው የግራፊክስ ድራይቨሩን በዊንዶውስ መጫን መካከል ለማስገባት ሲታገል ነው። ይህ አያስፈልግም። ዊንዶውስን እስከ መጨረሻው ለመጫን የምልክቱ ቋንቋ ይበቃል፤ ገጹ ቢደበዝዝም ሥራው ይሄዳል። በመጫኑ ጊዜ ሊጐድሉ የማይገባቸው ሌሎች ሁለት አስተርጓሚዎች ናቸው፤ እነርሱም የዲስኩና የኢንተርኔቱ ናቸው። እነዚህ ከጐደሉ ወደ ምስሉ ነገር ለመድረስ እንኳ አይቻልም።

የዲስኩን ነገር በአጭሩ እንናገር። ከአሥራ አንደኛው ትውልድ ወዲህ ከወጡት የኢንቴል ላፕቶፖች ብዙዎቹ ቪኤምዲ በሚባል አሠራር ዲስኩን እንደ መጋረጃ ጀርባ ያስቀምጡታል። ስለዚህ ዊንዶውስ የሚጫንበትን ቦታ ሲጠይቅ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ይታያል። ይህን አይቶ ዲስኩ ሞቷል ማለት ስሕተት ነው። «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ተጭኖ በፍላሽ የተዘጋጀውን የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨር ማሳየት ይበቃል። ብቻ ከኢንተርኔት የወረደው ፋይል እንደ ታሸገ ከሆነ ዊንዶውስ አያየውም፤ አስቀድሞ ተፈትቶ በማኅደር መቀመጥ አለበት።

የኢንተርኔቱ ነገር ከዚህ ይብሳል። ዊንዶውስ 11 መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲወጣ፥ ሆም የተባለው እትም በሚጫንበት ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኝ ይጠይቅ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ፕሮ የተባለውም ለግል ሥራ ሲጫን ይህንኑ ይጠይቃል። የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃም አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ወደ 11 መሄዱ አይቀርም። እንግዲህ የላፕቶፑ ዋይፋይ ከመጫኛው ፍላሽ በኋላ የተሠራ ዐዲስ ዓይነት ቢሆን፥ ዊንዶውስ ቋንቋውን አያውቅም። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ቍልፉ በተቈለፈው ሣጥን ውስጥ ቀረ ማለት ይህ ነው።

መፍትሔው በእጃችሁ ያለው ስልክ ነው። የአንድሮይድ ስልክን በራሱ የቻርጀር ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታችሁ፥ በስልኩ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ብትከፍቱ፥ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም ተጨማሪ ድራይቨር ስልኩን እንደ ኢንተርኔት መስመር ይቀበለዋል። ገመዱ ግን ባትሪ ብቻ የሚሞላ ሳይሆን ፋይል የሚያስተላልፍ መሆን አለበት፤ በየመንገዱ በርካሽ ከሚሸጡት ገመዶች ይህን የማያደርጉ አሉ። ይህ መንገድ ለመሻገሪያ ያህል መልካም ነው፤ ሆኖም ዊንዶውስ መስመር እንዳገኘ የራሱን ማደሻና የግራፊክሱን ድራይቨር ማውረድ ስለሚጀምር፥ የገዛችሁት የዳታ ጥቅል በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። የኤንቪዲያ፥ የኤኤምዲና የኢንቴል የግራፊክስ ድራይቨሮች ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ናቸው።

ስለዚህ ለሩቅ አገር ሰው የሚመከረው ፍላሹን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው፤ ቢቻል ወደ አማን ወይም ወደ ቴፒ ከመሳፈር በፊት እዚያው አዲስ አበባ፥ ካልሆነም መልካም ዋይፋይ ባለበት በዩኒቨርሲቲው ወይም በሌላ ቦታ። ከላፕቶፑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ዓይነቱና መለያ ቍጥሩ ተጽፏል። ዴልም ሆነ ኤችፒ ወይም ሌኖቮ፥ በሠሪው ድረ ገጽ ይህን ቍጥር ብታስገቡ ለዚያ ማሽን የተዘጋጁት ድራይቨሮች ተዘርዝረው ይቀርባሉ። ከእነርሱም የዋይፋዩን፥ የዲስኩን፥ ቺፕሴት የሚባለውንና የግራፊክሱን ማውረድ ያስፈልጋል። የድምፁና የቀረው በኋላ ሊመጣ ይችላል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ተጭኖበት የመጣ ከሆነና ፎርማት ልታደርጉት ካሰባችሁ ደግሞ ሌላ ብልኀት አለ። በዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ፥ ሲስተም32 ከሚባለው ሥር፥ «ድራይቨርስቶር» የሚባል ማኅደር ይገኛል፤ ሠሪው የጫናቸው አስተርጓሚዎች ሁሉ በእርሱ ተሰብስበዋል። ይህን ሳይገለብጡ ዲስኩን መሰረዝ ጐተራን ከነእህሉ እንደ ማቃጠል ነው።

ወረቀቱ ተልጦ ወይም ቍጥሩ ጠፍቶ ከሆነስ? የምስሉ ክፍል ራሱ ስሙን ይናገራል። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የክፍሉን ዝርዝር መግለጫ ከፍታችሁ «ሃርድዌር አይዲ» የሚለውን ብትመለከቱ፥ ከፊተኛው ምልክት ቀጥሎ የሠሪው መለያ ይታያል። 8086 ከሆነ የኢንቴል፥ 1002 ከሆነ የኤኤምዲ፥ 10ዲኢ ከሆነ የኤንቪዲያ ነው። 8086 ኢንቴል በ1970 ዓ.ም. ያወጣው የታወቀው ማስሊያ ስም ነው፤ ኩባንያው ያንን ስም ለመለያው አድርጎ አስቀርቶታል።

በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ የምስል ክፍሉ አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን ማወቅ እጅግ ይጠቅማል። አንደኛው ከሲፒዩው ጋር አብሮ የተሠራው ትንሹ ክፍል ነው፤ ሁለተኛው የኤንቪዲያ ወይም የኤኤምዲ ትልቁ ካርድ ነው። ገዢው የሚኰራበትና ዋጋ የጨመረበት ትልቁን ስለ ሆነ፥ መጀመሪያ የሚሮጠው የእርሱን ድራይቨር ለመጫን ነው። ጫነ፤ ማሽኑን አጥፍቶ አበራ፤ ስክሪኑ ግን እንደ ደበዘዘ ነው። ይህ የሚሆነው በብዙዎቹ ላፕቶፖች ስክሪኑ የተያያዘው ከትንሹ ክፍል ጋር ስለ ሆነ ነው። ትልቁ ካርድ ከባዱን ሥራ ሠርቶ ውጤቱን ለትንሹ ያስረክባል፤ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ትንሹ ነው። ኤንቪዲያ ኦፕቲመስ ብሎ በ2002 ዓ.ም. ያስተዋወቀው አሠራር ይኸው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የቺፕሴቱ፥ ቀጥሎ የትንሹ፥ በመጨረሻ የትልቁ ካርድ ድራይቨር ይጫናል። ከየአንዳንዱ በኋላ ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ይገባል። ይህን ሥራ ስትሠሩ ኢንተርኔቱን ለጊዜው ብትቈርጡ መልካም ነው፤ አለዚያ እናንተ አንዱን ስትጭኑ ዊንዶውስ በጓሮ በር የራሱን እያመጣ ሁለቱ ይጋጫሉ።

ዝናብ በማይለየው በዚህ አገር መብራት ድንገት መጥፋቱ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባትሪው መሙላቱን አረጋግጡ። ድራይቨሩ ሲጫን ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንድ ጥቍር ይሆናል፤ ብልጭ ድርግምም ይላል። ይህ አዲሱ አስተርጓሚ የአሮጌውን ቦታ ሲረከብ የሚሆን ነገር ነው። ደንግጦ የማጥፊያውን ቍልፍ የተጫነ ሰው በትክክል ይሄድ የነበረውን ሥራ ያበላሻል።

ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞሩት ፍላሾች ደግሞ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። «የሁሉም ላፕቶፕ ድራይቨር» ተብሎ በአንድ ጥቅል የሚሰጠው ነገር በየከተማው አለ፤ ኢንተርኔት ለሚወደድበት አገር መልካም ስጦታ ይመስላል። ነገር ግን ድራይቨር እንደ ሌላው ፕሮግራም በውጭ በር ቆሞ የሚያንኳኳ አይደለም፤ ብዙው የሚሠራው በሥርዓተ ክወናው እልፍኝ ውስጥ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ዓለም ሁሉ አይቶታል። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በዚህ እልፍኝ ውስጥ ለሚሠራው ድራይቨሩ አንድ የተሳሳተ ፋይል ቢልክለት፥ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ባንድ ቀን ሰማያዊ ገጽ አውጥተው ቆሙ፤ አውሮፕላኖች ሳይነሡ ዋሉ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮችም ተቸገሩ። ያ ስሕተት ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም። ሆን ብሎ ለክፋት የተሠራ ነገር በዚያው በር ቢገባ የተማሪውን የመመረቂያ ጽሑፍ ይሰርዘዋል፤ ወይም ቈልፎ ማስለቀቂያ ገንዘብ ይጠይቅበታል። ዊንዶውስ የሠሪው ዲጂታል ፊርማ የሌለበትን ድራይቨር የሚከለክለው፥ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አዲስ የሚወጡት በማይክሮሶፍት በኩል እንዲፈረሙ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህን ለመጫን የፊርማውን ቍጥጥር አጥፋው» ቢላችሁ፥ ፍላሹን መልሱለት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ከተጫነ በኋላ ገጹ ጥቍር ሆኖ ቢቀርስ? አስቀድማችሁ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቍልፍ፥ ኮንትሮልን፥ ሺፍትንና ቢን ባንድነት ተጫኑ። ይህ የግራፊክሱን ድራይቨር እንደ ገና ያስነሣዋል፤ ብዙ ጊዜ አጭር ድምፅ ይሰማና ምስሉ ይመለሳል። ካልተመለሰ ማሽኑን በሴፍ ሞድ ማስነሣት ነው። በዚህ አኳኋን ዊንዶውስ ወደ ምልክቱ ቋንቋ ይመለሳል፤ እናንተም በዲቫይስ ማኔጀር «ሮል ባክ ድራይቨር» ብላችሁ የቀድሞውን መመለስ ወይም አዲሱን ማውጣት ትችላላችሁ። ዲስኩን እንደ ገና ፎርማት ማድረግ አያስፈልግም።

ኡቡንቱን ለሚጭኑ፥ በተለይም ለኮምፒዩተር ተማሪዎች፥ ነገሩ በአንድ በኩል ይቀላል። የኢንቴልና የኤኤምዲ አስተርጓሚዎች ከሥርዓቱ ጋር አብረው ስለሚመጡ ብዙውን ጊዜ ምንም መፈለግ የለም፤ አዲስ ላፕቶፕ ከሆነ አዲሱን እትም መጫን ብቻ ነው። የሚያስቸግረው የኤንቪዲያው ነው። ኤንቪዲያ በግንቦት 2014 ዓ.ም. የድራይቨሩን አንድ ክፍል ለሕዝብ በይፋ ክፍት አድርጓል፤ ሆኖም ከፍላሹ ሲነሣ ገጹ ጥቍር ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ዛሬም አለ። ያን ጊዜ ከመነሻው ዝርዝር «ሴፍ ግራፊክስ» የሚለውን መምረጥ፥ በመጫኑም መካከል ከሌሎች ኩባንያዎች የሚመጡ የግራፊክስና የዋይፋይ ፕሮግራሞች ይጨመሩ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ መፍቀድ ይገባል። ሴኪዩር ቡት የተባለው ጥበቃ በርቶ ከሆነ አንድ የይለፍ ቃል እንድታወጡ ትጠየቃላችሁ። ማሽኑ ተመልሶ ሲነሣ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ በዚያ ላይ «ኤንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ ቃል መጻፍ አለባችሁ። ገጹ የሚጠብቀው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ሻይ ለመቅዳት የሄደ ሰው ያመልጠዋል፤ ካመለጠውም ድራይቨሩ ተጭኖ ሳለ አይሠራም።

ሥራው መፈጸሙን የምታረጋግጡት እንዲህ ነው። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ቤዚክ» የሚለው ስም ጠፍቶ የሠሪው ስም መተካቱን፥ ሁለት ካርድ ካለም ሁለቱም መታየታቸውን ተመልከቱ። የብርሃኑን መጠን ከፍ ዝቅ አድርጉ። ለመመረቂያው ጽሑፍ ማቅረቢያ ከሆነ ቀኑ ሳይደርስ ከፕሮጀክተር ጋር አገናኝታችሁ ሞክሩት። በመጨረሻም የላፕቶፑን ክዳን ዘግታችሁ ዐምስት ደቂቃ ያህል ከቈያችሁ በኋላ ክፈቱት፤ የተበላሸ ድራይቨር ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው ማሽኑ ከእንቅልፉ ሲነቃ ነው።